ያልለመደ በቀቀን ቤት ሲገባ

አዲስ በቀቀን ካመጣችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብና ውሃ ለመቀየር ካልሆነ በቀር እጃችሁን ወደ ጎጆው አትስደዱ። ጎጆውን ሰው በሚውልበት ክፍል፣ አንድ ጎኑን ግድግዳ አስጠግታችሁ አስቀምጡት። ከሁሉም አቅጣጫ ከተጋለጠ አይረጋጋም። ወጥ ቤት ግን በፍጹም! የማያጣብቅ መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፍን በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል።

ከዚያ አጠገቡ ቁጭ በሉ። በለስላሳ ድምፅ አውሩ፣ አንብቡ፣ ስልካችሁን ነካኩ። ፊት ለፊት አፍጥጦ ማየት የአዳኝ እንስሳ ጠባይ ስለሆነ ጎን ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ላባውን ከሰውነቱ አጣብቆ፣ አንገቱን አስረዝሞ ከደረቀ ፈርቷል ማለት ነው፤ ትንሽ ራቅ በሉ። ላባውን ማበጠር ወይም በፊታችሁ መብላት ከጀመረ ደግሞ ነገሩ መስመር ይዟል። ያኔ የሚወደውን ፍሬ በሽቦው በኩል አቀብሉት። በጓንት ወይም በፎጣ አፍኖ ማላመድ የሚባለውን ነገር እርሱት። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ የባሰ አጀማመር የለም፤ እጃችሁን ሲያይ የሚበረግግ ወፍ ነው የሚተርፋችሁ።

ምግቡንም ቶሎ አትቀይሩበት። የለመደውን እየሰጣችሁ አትክልት ቀስ በቀስ ጨምሩ። አቮካዶና ቸኮሌት መርዝ ናቸው። በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ለሚሆን ርዝመት ጨለማና ጸጥታ ይፈልጋል።

ደግሞ ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። ላባውን ነፍቶ ጎጆው ወለል ላይ ከተቀመጠ ወይም ቀኑን ሙሉ ካልበላ፣ «ገና ስላልለመደ ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።