የልብ ግድግዳን ውፍረትና እንቅስቃሴ በሲቲ ስካን እንዴት እንለካለን?

የልብ ሲቲ ስካን በብዛት የሚታዘዘው የልብ ደም ሥሮች መጥበባቸውን ለማወቅ ነው። ከዚያው ምርመራ የግራ ቬንትሪክል (ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው የልብ ክፍል) ግድግዳ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነና በየምቱ እንዴት እንደሚኮማተር መለካት ይቻላል፤ ለእንቅስቃሴው ግን ምስሉ ከኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ከሚመዘግበው ምርመራ) ጋር ተጣምሮ የልብን ሙሉ ዑደት መያዝ አለበት። ጨረር ለመቀነስ ሲባል አንድ ቅጽበት ብቻ የተነሣበት ምርመራ ውፍረትን እንጂ እንቅስቃሴን አይነግረንም።

የታካሚው የልብ ምት በደቂቃ ከ65 በታች ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ ወይም በባሕር ዳር ፀሐይ በእግሩ ተጉዞ የደረሰ ሰው አስቀድሞ ይረፍ። ምት ሊያፈጥን የሚችለውን ቡናንም በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ «ምንም አልቀመስኩም» የሚሉ እናት «እማማ፣ ቡናስ?» ሲባሉ «እሱማ ጠጥቻለሁ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ምት የሚያዘገየውን መድኃኒት ሐኪሙ ያዛል፤ የአስም፣ የኩላሊትና የኮንትራስት (ደም ሥርና ልብ ጎልተው እንዲታዩ የሚወጋው ፈሳሽ) አለርጂ ጥያቄዎችም አይዘለሉ።

ከተነሣው መረጃ በሁለት ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ በየ10 በመቶው፣ ቢቻል በየ5 በመቶው ከፋፍለው ምስሎችን ያውጡ። የልቡ ክፍተት ከሁሉ የሰፋበት ምስል የዲያስቶል (ልብ ዘና ብሎ ደም የሚሞላበት ጊዜ) መጨረሻ፣ ከሁሉ የጠበበበት የሲስቶል (ልብ የሚኮማተርበት ጊዜ) መጨረሻ ነው። የመሣሪያውን መቶኛ ከማመን በዓይን መምረጥ ይሻላል።

አስቸጋሪው ሥራ ዘንጉን፣ ማለትም ምስሉ የሚቆረጥበትን አቅጣጫ፣ ማስተካከል ነው። ልብ በደረት ውስጥ ያዘመመ ስለሆነ ሲቲው መጀመሪያ በሚሰጠው አግድም ምስል ላይ ውፍረትን መለካት አይገባም። የጣና ደንገል በሰያፍ ሲቆረጥ ፊቱ ከግንዱ ውፍረት በላይ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ 9 ሚሊ ሜትር የሆነ ግድግዳ 30 ዲግሪ ተዛንፎ ሲቆረጥ 10.4፣ 45 ዲግሪ ሲዛነፍ ደግሞ 12.7 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይታያል፤ ጤነኛውም ሰው ልቡ እንደደነደነ ተነግሮት ይሄዳል። መፍትሔው ከማይትራል ቫልቩ (በግራዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ካለው በር) መካከል እስከ ልብ ጫፍ መስመር መዘርጋት፣ በዚህ በተገኘው ምስል ላይ ያንኑ መስመር እንደገና ማስተካከል፣ በመጨረሻም ለሁለቱም መስመሮች በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ የአጭር ዘንግ ምስል መቁረጥ ነው። ክፍተቱ ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ ከታየ ወደ መስመሩ ይመለሱ። ሶፍትዌሩ ይህን በራሱ እሠራለሁ ቢልም የልብ ጫፍን ሲስት ስለሚታይ፣ ጊዜ መቆጠቡን ባልክድም፣ ሳይፈተሽ መቀበልን አልመክርም።

የሚለካው በዲያስቶል መጨረሻ፣ ከውስጠኛው ጠርዝ እስከ ውጨኛው፣ ግድግዳውን በ90 ዲግሪ በሚያቋርጥ መስመር ነው። ፓፒላሪ ጡንቻዎች (ቫልቩን የሚይዙት)፣ በውስጥ በኩል ያሉ የጡንቻ ዘለላዎችና የውጭው ስብ አይካተቱም። ከኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) በተወሰደው የተለመደ መለኪያ ጤናማው ውፍረት ለሴቶች ከ6 እስከ 9፣ ለወንዶች ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ነው። የልብ ጫፍ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር መሳሳቱ ጤናማ ሊሆን ስለሚችል ጠባሳ ነው ብሎ መቸኮል አይገባም። በአዋቂ ሰው አንድ ቦታ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነና የደም ግፊት ወይም የቫልቭ ችግር ካላስረዳው፣ በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ መወፈር ይጠረጠራል።

ለእንቅስቃሴው፣ በሲስቶልና በዲያስቶል ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት ለዲያስቶሉ ተካፍሎ በ100 ይባዛል። 8 ሚሊ ሜትር የነበረው 12 ከደረሰ መወፈሩ 50 በመቶ ነው፤ ከ30 በመቶ በታች ከሆነ መኮማተሩ ተዳክሟል። ግድግዳው ሲነቃነቅ ማየት ብቻ አይበቃም፤ የሞተ ጡንቻ በጎረቤቶቹ ተጎትቶ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ሊወፍር ግን አይችልም። በአንጻሩ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በሁለቱ ቬንትሪክሎች መካከል ያለው ግድግዳ አካሄዱ ቢዛባም በወጉ ሊወፍር ይችላል።

በሪፖርቱ ላይ ከቁጥሩ ጎን የተለካበት ቦታ፣ የዑደቱ ቅጽበትና በምርመራው ጊዜ የነበረው የልብ ምት ይጻፉ፤ ምቱ የተዛባ ከነበረም ምስሉ በደረጃ ተሰብሮ ሊታይ ስለሚችል ያው ይገለጽ።