ቡስት ሲገባ ነዳጅ የሚያንሰው ቱርቦ ሞተር፦ የነዳጅ ግፊት ችግርና መፍትሄ

ቡስት (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) ሲገባ የሚቆራርጥ መኪና የያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ትልቅ ፓምፕ ነው። ሲፈተሽ ግን ጥፋቱ የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ፣ የቀጠነ ሽቦ ወይም የተደፈነ ፊልትሮ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ ይግዙ።

እዚህ የምናወራው ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው ቫልቭ) ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ስለሚረጭ፣ ትርፍ ነዳጅ ወደ ሰልባትዮ የሚመልስ መስመርና ከማኒፎልድ ጋር በቱቦ የተያያዘ ሬጉሌተር (የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያ) ስላለው ሲስተም ነው። ዳይሬክት ኢንጀክሽን (ነዳጁ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭበት) ላይ ከታች ያለው የሚሠራው ለዝቅተኛ ግፊት መስመሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሮቹም የራሱ ናቸው።

ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?

ኢንጀክተሩ የሚያውቀው ከጀርባው ባለው የነዳጅ ግፊትና ከፊቱ ባለው የማኒፎልድ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የሬጉሌተሩ ሥራም ይህ ልዩነት እንዳይለወጥ መጠበቅ ነው።

መነሻ ግፊቱ 3 ባር ነው እንበል። ይህ የሚለካው የሬጉሌተሩ ቱቦ ተነቅሎና የቱቦው ጫፍ ተደፍኖ ነው። ቱቦው ተመልሶ ሲገባ፣ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ ሲዞር) 0.6 ባር ቫኪዩም ካለው ጌጁ 2.4 ባር ያሳያል። ቡስቱ 1 ባር ሲደርስ 4፣ 1.5 ሲደርስ ደግሞ 4.5 ባር ማሳየት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በ1.5 ባር ቡስት ጌጁ 3 ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም «ግፊቱ አልወረደም» ይባላል። ወርዷል። ልዩነቱ 1.5 ባር ብቻ ስለቀረ ኢንጀክተሩ ከሚገባው ነዳጅ 71 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ኖክ (ድብልቁ ያለጊዜው መፈንዳቱ) የሚጀምረውና ፒስተን የሚቀልጠው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ከመለካትዎ በፊት

ቦኔት ሥር የሚታሰር፣ ፈሳሽ የተሞላ ጌጅ ሲሞቅ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። መነሻ ግፊት ለማስተካከል ይበቃል፣ ለቡስት ምርመራ ግን አይታመንም። 10 ባር ድረስ የሚለካ ሴንሰር አስገብተው ከማኒፎልድ ግፊት፣ ከሞተር ዙር፣ ከላምዳ (የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ልኬት) እና ከባትሪ ቮልት ጋር አብረው ይመዝግቡ። ሴንሰሩም ራሱ ይፈተሽ። የተለመደው ዓይነት ግፊት በሌለበት 0.5 ቮልት፣ በ10 ባር ደግሞ 4.5 ቮልት ይሰጣል። ግፊቱ ተለቅቆ 0.7 ቮልት ካነበበ በግማሽ ባር እየዋሸዎት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ደካማ ማሳ (የኔጋቲቭ ግንኙነት) ነው።

መስመር ከመፍታትዎ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ነቅለው ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ያሠሩት። ከዚያም ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የእሳት ማጥፊያ እጅዎ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። በሙከራ ላይ ልዩነቱ ሲወርድ ካዩ ወዲያው እግርዎን ያንሱ። «እስቲ አንዴ ልድገመው» የሚባል ነገር የለም፣ መረጃው ተመዝግቧል።

ምልክት፦ ሚኒሞ ላይ ደህና ነው፣ ቡስት ላይ ግፊቱ አይከተልም

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የተመዘገበውን መስመር ቅርጽ ይዩ። ቡስት ከጀመረበት ቅጽበት አንስቶ የነዳጅ ግፊቱ ካልተነሳ ጥርጣሬው ወደ ሬጉሌተሩና ወደ ቱቦው ይሄዳል። እስከ አንድ ደረጃ በደንብ ተከትሎ ዙሩ ሲጨምር ከወረደ ግን ነዳጁ መጠኑ አልበቃም ማለት ነው።

ለሬጉሌተሩ ምርጥ መሣሪያ ጌጅ ያለው የእጅ ጎማ መንፊያ ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ ፓምፑን ብቻ ያሠሩ፤ ከዚያ በሬጉሌተሩ የአየር መግቢያ 1 ባር ይንፉ። የነዳጅ ግፊቱ ከ3 ወደ 4 ባር መውጣት አለበት። ከወጣና አየሩ ካልቀነሰ ሬጉሌተሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ቱቦው ላይ ነው፦ ተሰንጥቋል፣ ቡስት ሲመጣ ከአፉ ይወልቃል፣ ወይም ከቡስት መቆጣጠሪያና ከሌላ ጌጅ ጋር ተጋርቷል። መፍትሄው ከትሮትሉ (ጋዝ ሲረገጥ ከሚከፈተው የአየር በር) በኋላ ካለው የማኒፎልድ ክፍል ለብቻው የሚወጣ፣ አጭርና በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ቱቦ ነው። አየሩ በሬጉሌተሩ ውስጥ ካመለጠ ዲያፍራሙ (አየሩንና ነዳጁን የሚለየው ስስ ሽፋን) ተቀዷል።

መጠን ያነሰ ከመሰለ ቅደም ተከተሉ ከርካሹ ይጀምር።

በመጀመሪያ ቮልቱ። የመልቲሜትሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን የፓምፑ ሶኬት ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ፓምፑ እየሠራ የሚያነቡት በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። በማሳ በኩልም ይድገሙት። ሁለቱ ተደምረው ከ0.5 ቮልት ካለፉ ሽቦው ይለወጥ። ፓምፑ ግፊት ሲበዛበት የሚስበው አምፔርም ስለሚጨምር ልኬቱን ሬጉሌተሩ ላይ 1.5 ባር አየር ነፍተው ቢወስዱት እውነቱ ይወጣል፤ ያለ ጫና የተለካ ቮልት ያታልላል። 5 ሜትር ርዝመት ያለው 2.5 ካሬ ሽቦ 20 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ገደማ ይውጣል፤ 6 ካሬ ከሆነ 0.3 አይሞላም። አዲሱ መስመር ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው፣ በሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ይለፍ፤ የቀድሞው የፓምፕ ሽቦ ሪሌውን ለማስነሳት ብቻ ያገልግል። በአሮጌው ሽቦ ላይ ትልቅ ፊውዝ መክተት ጥገና ሳይሆን የእሳት ግብዣ ነው።

ቀጥሎ ፊልትሮው። ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ግፊት ይለኩ፤ በጫና ጊዜ ሁለቱ በግልጽ ከተራራቁ ተደፍኗል። ወደ ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) የተቀየረ መኪና ላይ ኤታኖሉ የቆየውን ዝቃጭ እያሟሟ ስለሚያመጣ አዲስ ፊልትሮ እንኳ ቶሎ ሊደፈን ይችላል። ከፓምፑ በፊት የሚገባው ደግሞ 100 ማይክሮን ያህል ይሁን። 10 ማይክሮኑ ቦታው ከፓምፑ በኋላ ነው፤ በመምጠጫው በኩል ከገባ ፓምፑን ያንቀዋል።

ሦስተኛው ተደብቆ የሚኖር ነው፦ ሰልባትዮ ውስጥ ፓምፑን ከክዳኑ ጋር የሚያገናኘው አጭር ቱቦ። ተራ የነዳጅ ጎማ የተሠራው ከውስጥ ነዳጅ እንዲያልፍበት እንጂ ውጩ ነዳጅ ውስጥ እንዲዘፈቅ አይደለም። በጊዜ ብዛት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ 4 ባር ሲመጣ ከፋሼታው (የቱቦ ማሰሪያው) ሥር ይንሸራተታል። በዝቅተኛ ግፊት ጥቂት እያፈሰሰ ይሠራል፤ ከፍ ሲል ነዳጁ ተመልሶ ሰልባትዮው ውስጥ ይረጫል፣ ውጭ ጠብታ አይታይም። ነዳጅ ውስጥ እንዲዘፈቅ የተሠራውን፣ ኤስኤኢ ጄ30አር10 የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቱቦ ያስገቡና በአዲስ ፋሼታ ይሰሩ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ፓምፑ ራሱ ይመዘን። የመመለሻ መስመሩን ከሬጉሌተሩ በኋላ ፈትተው መጠን ወደተሰመረበት፣ ቤንዚን ወደማይበላው ዕቃ ያስገቡ። ባትሪው ላይ ቻርጀር ይሰሩና ቮልቱ 13.5 አካባቢ ይሁን፤ ሬጉሌተሩ ላይ 1.5 ባር ነፍተው ፓምፑን ለ30 ሰከንድ ያሠሩ። የተገኘውን ሊትር በ120 ሲያባዙ የሰዓቱ መጠን ይወጣል፤ 1.6 ሊትር ከሆነ በሰዓት 192 ሊትር ነው። ለቤንዚን ቱርቦ ሞተር በአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 270 ግራም ገደማ ቢታሰብ፣ 400 ፈረስ ጉልበት 145 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ 20 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመር 175 ይሆናል። ስለዚህ 192 ለቤንዚን ይበቃል። በኢ85 ቢያንስ 30 በመቶ ተጨማሪ ስለሚያስፈልግ አይበቃም። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የራሱ ግፊትና ቮልት ያለው መሆኑን ያስታውሱ፤ ግፊቱ ሲጨምር የሚሰጠው መጠን ይቀንሳል።

ምልክት፦ መታጠፊያ ላይ ብቻ ግፊቱ ይጠልቃል

ሰልባትዮው ከሩብ በታች ሲሆን የሚብስ ከሆነ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ፓምፑ አየር እየጠጣ ነው። በክፍልፋይ የታጠረ ሰልባትዮ ወይም ከ1.5 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ ሰርጅ ታንክ (ሁልጊዜ ሞልቶ የሚቆይ ትንሽ መጠባበቂያ ታንክ) ይፈታዋል። ሰርጅ ታንክ ከተገጠመ ዋናው ፓምፕ ከታች ይጠጣ፣ ከሬጉሌተሩ የሚመለሰውም ወደዚያው ይግባ፣ ትርፉ ከላይ ወደ ሰልባትዮ ይፍሰስ።

ምልክት፦ መነሻ ግፊቱ ከፍ ብሎ አልወርድ ይላል

ትልቅ ፓምፕ ከተገጠመ በኋላ የሚመጣ ነው። የሬጉሌተሩን ቡሎን ሙሉ በሙሉ ቢያላሉትም 3.8 ላይ ይቆማል፤ ሚኒሞ ላይ ድብልቁ ይወፍራል። ሚኒሞ ላይ ነዳጁ ሁሉ ማለት ይቻላል ይመለሳል፣ የፋብሪካው መመለሻ መስመር ደግሞ ለትንሽ ፓምፕ የተለካ ነው። መመለሻውን ለጊዜው በወፍራም ቱቦ ወደ ዕቃ ያውርዱ፤ ግፊቱ ከወረደ መስመሩ ጠቧል፣ ካልወረደ ሬጉሌተሩ አንሷል።

ምልክት፦ ጥቁር ጭስ፣ የሬጉሌተሩ ቱቦ ውስጥ ቤንዚን

ዲያፍራሙ ተቀዷል። ሬጉሌተሩ ይለወጥ፤ እስከዚያው አይነዳ።

ምልክት፦ ለመነሳት ብዙ ይዞራል

ሞተሩ እንደጠፋ ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ ዜሮ ይገባል። ሞተሩን ያጥፉና ወዲያው የመላኪያውን ጎማ ቱቦ ይዝጉ፤ ግፊቱ ከቆመ የፓምፑ መመለስ ከልካይ ቫልቭ ነው። ካልቆመ መመለሻውንም ጨምረው ይዝጉ፤ አሁን ከቆመ ሬጉሌተሩ ነው። ሁለቱም ተዘግተው ከወረደ ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው፤ ካንዴላዎቹን ያውጡና እርጥቡን ይፈልጉ። በሽቦ የተሸረበ ቱቦ በፒንሳ አይጨመቅም፣ ይበላሻል፤ ለፈተናው የሚዘጋ ቧንቧ ይግጠሙ።

ምልክት፦ ሲሞቅ ብቻ፣ ፓምፑም ሲጮህ

ትልቅ ፓምፕ ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት ሲዞር ነዳጁን እያመላለሰ ያሞቀዋል፤ የሞቀው ነዳጅ መምጠጫው ላይ ይተናል። በቀላል ጭነት የፓምፑ ፍጥነት እንዲቀንስ ያድርጉ፣ መስመሩን ከማርሚታው ያርቁ።

ግፊቱ ቡስት ላይ ሲወርድ መነሻውን ከ3 ወደ 4 ባር ከፍ ማድረግ የሚፈትን አቋራጭ ነው፤ የደከመውን ፓምፕ ግን ይብሱን ያደክመዋል። ኢንጀክተሩም በ4 ባር ልዩነት 15 በመቶ ተጨማሪ ስለሚያሳልፍ የኮምፒዩተሩ ልኬት ሁሉ ይዛባል። መነሻውን በእርግጥ መቀየር ካስፈለገ የኢንጀክተሩ መጠንና የመክፈቻ መዘግየቱ በአዲሱ ግፊት እንደገና ይግቡ፤ የመጀመሪያው ሙከራም በዝቅተኛው ቡስት ይሁን።