ሰማዩ ነግቷል፣ ጀምበር ግን የለችም፦ በሐረርና በድሬዳዋ የፀሐይ መውጫን የማጣት ችግርና መፍትሄ

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር ነው፤ ሥራዬም እንግዶችን፣ ፎቶ አንሺዎችንና ሙሽሮችን ማለዳ ይዤ መውጣት ነው። ከዓመት ዓመት የሚቀርብልኝ አቤቱታ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ «ሌሊት ተነሥተን፣ በብርድ ተቆራምደን፣ ጀምበር ስትወጣ ሳናይ ተመለስን» ይሉኛል። ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ማወቅን፣ የስልክ ባትሪ መሙላትንና ለሐረር ብርድ ጋቢ መያዝን ሁሉም ያውቀዋል ብዬ አልፌ በቀጥታ ወደ ችግሮቹ እገባለሁ።

ችግር፦ ሰማዩ ቀልቶ ነጋ፣ ፀሐይ ግን ዘግይታ ነጭ ሆና ወጣች

ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥመኝ ችግር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ምልክቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰማዩ ወገግ ይላል፣ ቀጥሎ ብርቱካንማ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይጠብቃል። ከዚያ ቀለሙ ደብዝዞ ሰማዩ ተራ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወፎቹም ጫጫታቸውን ይቀንሳሉ፣ ፀሐይ ግን የለችም። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ከአንድ ጉብታ ጀርባ ድንገት ብቅ ትላለች፤ ያን ጊዜ ግን ቀይነቷ አልፎ ነጭ ሆናለች፣ ቀና ብሎ ማየትም አይቻልም።

ምክንያቱ ፊት ለፊትዎ ያለው ነገር ከፍ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ «ከፍ ያለ ቦታ የት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ሊጠይቀኝ የሚገባው ግን የምሥራቁ አድማስ ዝቅ ብሎ የሚታየው ከየት እንደሆነ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ፊቱ ስድስተኛ ፎቅ ካለበት ሰው ይልቅ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ፊቱ ገላጣ የሆነለት ሰው ፀሐይዋን ቀድሞ ያያታል።

ጉዳዩ በሒሳብ የሚገመት ነው። ሐረርም ድሬዳዋም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለሚገኙ፣ ፀሐይ እዚህ ስትወጣ ወደ ጎን ብዙም ሳታጋድል ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። በመሆኑም ፊት ለፊት ያለው ተራራ፣ ግንብ ወይም ፎቅ ከአድማሱ በላይ በጋረደው በእያንዳንዱ 1 ዲግሪ ፀሐይዋ 4 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ይህን ለመለካት ከራስዎ እጅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ፊት ዘርግተው ጡጫዎን ቢጨብጡ፣ ጡጫዎ ከላይ እስከ ታች 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ሦስቱ መካከለኛ ጣቶች በአንድነት 5 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣት ብቻዋን 1 ዲግሪ ያህል ናቸው። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ክንዱም አጭር ስለሚሆን ልኩ ለሁሉም ተቀራራቢ ነው።

የሚያስቸግረው መለኪያው ከየት እንደሚጀመር ማወቅ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው አድማስ ከተራራው ጀርባ ተደብቋል። እኔ የማደርገው እስከ ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከዓይኔ ፊት መያዝ ነው። የውኃው ገጽ ወለል መሆኑ ቀርቶ እንደ ቀጭን መስመር እስኪታየኝ ድረስ ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ መስመር ሆኖ ሲታይ፣ በዚያ መስመር ትክክል በሩቅ ያለው ነገር ከዓይኔ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው ማለት ነው። ጡጫዬን ከዚያ መስመር ላይ አስቀምጬ ጉብታው ስንት ጣት እንደሚያህል እቆጥራለሁ። አንድ ሙሉ ጡጫ ከሆነ ፀሐይዋ 40 ደቂቃ ስለምትዘገይ ቦታውን ይተዉት። ሦስት ጣት ከሆነ 20 ደቂቃ ይዘገያል፤ ቀይዋን ጀምበር አያገኟትም። አንድ ወይም ሁለት ትንሿ ጣት ብቻ ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ በዋዜማው፣ በቀን ብርሃን መደረግ አለበት፤ በጨለማ ደርሶ ቦታ የሚመርጥ ሰው በዕድሉ ብቻ የሚመራ ሰው ነው።

ከብዙዎቹ አንዱን ልንገራችሁ። አንድ የሙሽሮች ቤተሰብ «በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ከዚያ የተሻለ ከየት ይመጣል?» ብለው እኔን ሳይጠብቁ ኤረር በር፣ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ የሚሉት ዘንድ ሄዱ። ሐሳባቸው ግማሹ ትክክል ነበር፤ ጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ኤረር በር ለፀሐይ መውጫ ቅርቡ ጫፍ ነው። የቆሙት ግን በግንቡ ውስጥ፣ ከግንቡ አሥር ሜትር ያህል ርቀው ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ይህ ግንብ ቁመቱ 4 ሜትር ያህል ነው፤ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ ለቆመ ሰው ከ13 ዲግሪ በላይ ስለሚጋርድ ፀሐይዋን አንድ ሰዓት ገደማ ያዘገያታል። ስደርስ ሙሽራዋ በነጭ ቀሚሷ ላይ ጋቢ ደርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፣ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ነግቷል፣ አጎቷም ወደ እኔ ዞረው «አቦ፣ ዛሬ ፀሐይዋ አትወጣም እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ከወጣች ቆይታለች፤ ከግንቡ ወዲያ ናት» ብዬ ሁላቸውንም በበሩ አሳልፌ ወደ ውጭ ባወጣቸው ፀሐይዋ ከኤረር ሸለቆ በላይ አንድ ጡጫ ያህል ከፍ ብላ አገኘናት። በማግስቱ ሙሽሮቹ ተመልሰው መጡና ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ወደ ሸለቆው ከሚገለጥበት ቦታ ላይ ቆመው ቀይዋን ጀምበር አገኙ፤ ልብሱን ግን ለሁለት ቀን ተከራይተውታል።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ ከግንቡ ውጭ ወጥተው ወደ ኤረር ሸለቆ ገላጣ ከሆነው በኩል ይቁሙ፣ ወይ ደግሞ በተቃራኒው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተዳፋቱ ላይኛ ክፍል ወጥተው ግንቡንና ጣራዎቹን ቁልቁል ከሚያሳይ ጠፍጣፋ ጣራ ላይ ይመልከቱ። የሁለቱ መካከል አያዋጣም። የሰው ጣራ ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውጣት ደግሞ በሐረር ነውር ነው፤ ግቢ የቤተሰብ ገመና ያለበት ስለሆነ በዋዜማው ሄደው የቤቱን እናት ያስፈቅዱ።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ያው ሆኖ መነሻው ከከተማዋ አመሠራረት ነው። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ሳይወጣ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ግርጌ ስለቆመ፣ ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ደቡቧ በተራራ ሰንሰለት ተዘግቶ ሰሜኗ ለሜዳ ተገልጦ ተቆረቆረች። ስለዚህ በስተደቡብ ባሉ ሰፈሮች ቆሞ ፀሐይን መጠበቅ፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ከተራራ ጋር መጋፋት ነው። ከከተማው ወጥቶ በሽንሌ መንገድ ወደ ሜዳው መሄድ ይሻላል። አንድ ጊዜ እንግዶቼን ያሳረፍሁበት ሆቴል «ሰገነታችን ላይ ፀሐይ በደንብ ይታያል» ብሎኝ አምኜ ብወጣ፣ በምሥራቁ ጠርዝ ላይ ሦስት የውኃ ታንከር ተደርድሮ አገኘሁ። በቀን ሄዶ በዓይን ማየትን ምንም አይተካውም።

ችግር፦ ባለፈው ታኅሣሥ ግሩም የነበረው ቦታ አሁን ምንም አያሳይም

ቦታው አልተለወጠም፤ የፀሐይዋ መውጫ ግን ተንቀሳቅሷል። ፀሐይ በትክክል ከምሥራቅ የምትወጣው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረም 12 እና በመጋቢት 12 ገደማ ብቻ ነው። በታኅሣሥ 12 ገደማ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል፣ በሰኔ 14 ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን ያንኑ ያህል ትርቃለች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ወደ አምስት ጡጫ ስለሚጠጋ፣ በአንዱ ወቅት ከሁለት ኮረብታ መካከል ስትወጣ ያያት ሰው በሌላው ወቅት ከኮረብታው ጀርባ ይጠብቃታል። በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ መውጫዋ በፍጥነት ይሸሻል፤ በሃያ አምስት ቀን ውስጥ አንድ ጡጫ ያህል ይሄዳል። በታኅሣሥና በሰኔ አጋማሽ ግን ለሳምንታት ቆማ የቀረች ትመስላለች።

በሐረር ይህ ጎልቶ የሚታየው ከከተማው በስተደቡብ ባለው በሐኪም ተራራ ላይ ነው። ከተራራው ሰሜናዊ ግርጌ ሆኖ ከተማውን እያዩ ፀሐይን መጠበቅ በሰኔ ያስደስታል፤ በታኅሣሥ ግን ተራራው ራሱ ፀሐይዋን በትከሻው ይጋርድብዎታል። በዚያ ወር እስከ አናቱ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያ የሚከበር ቅዱስ ስፍራ ስላለ ሙዚቃ ከፍቶ መጨፈርንና ቆሻሻ መጣልን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ከእንግዶቼ አንዱ የብስኩት ወረቀት ሲጥል አይቼ ጉዞውን አቋርጬ አስለቅሜዋለሁ። በሰኔ ፀሐይዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አናቱ ጠፍጣፋ ወደሆነው ወደ ቁንዱዶ ተራራ ወገን ስለምትጠጋ፣ የጡጫውን ልኬት በዚያ አቅጣጫ እንደገና ይውሰዱ።

ችግር፦ ስደርስ ፀሐይዋ ወጥታለች

እዚህ አካባቢ ፀሐይ ሁልጊዜ 12 ሰዓት ላይ ትወጣለች የሚለው እምነት ስሕተት ነው። በግንቦት መጨረሻ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ50 ገደማ፣ በጥር አጋማሽ ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ35 ገደማ ትወጣለች። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በተጨማሪም ውበቱ የሚጀምረው ከመውጣቷ በፊት ነው፤ የሰማዩ ቀለም የሚደምቀው ከ25 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ሲሆን በእኛ አገር ጎሕ በፍጥነት ስለሚያልፍ የዘገየ ሰው የሚያገኘው ጀምበሯን ብቻ ነው።

ሌላው ምክንያት የስልክ ሰዓት ነው። አንድ ወጣት በእኛ አቆጣጠር «12 ሰዓት ከ15» ብዬ የነገርሁትን እንዳለ ስልኩ ላይ ሞልቶ እኩለ ቀን ላይ ነቅቷል። መፍትሄዬ ቀላል ነው፤ በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች ስላሉ የሱብሒ አዛን፣ ማለትም የንጋቱ ጸሎት ጥሪ፣ የማይሰማበት ቤት የለም። የሱብሒ ወቅት የሚገባው ከፀሐይ መውጫ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቀድሞ ነው፤ ፀሐይዋ በየወቅቱ ስትቀድምና ስትዘገይም አብሮ ይቀድማል፣ አብሮ ይዘገያል። አዛኑን ሰምቶ የተነሣ ሰው ስልኩን ማስተካከል አያስፈልገውም። ባጃጅ ግን በዚያ ሰዓት እንደ ልብ ስለማይገኝ ሹፌሩን ማታውኑ ይቅጠሩት።

ችግር፦ የስልኬ ኮምፓስ ወደ ሌላ አቅጣጫ አመለከተኝ

የቆርቆሮ ጣራ፣ የኮንክሪት ፌሮና መኪና ኮምፓሱን ያዛባሉ፤ ማግኔት ያለበት ርካሽ የስልክ ሽፋን ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ሽፋኑን ያውልቁ፣ ከብረቱ ይራቁ፣ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠሩ ያወዛውዙት።

ችግር፦ ደመና ወይም ጉም ሸፈናት

አስተማማኙ ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ደመናው ከላይ ሆኖ ከአድማሱ በላይ ጠባብ ጥርት ያለ ክፍተት ካለ አይመለሱ፤ ብርሃኑ የደመናውን ሆድ ከታች ስለሚያቀላው ከሁሉ የሚያምረው ማለዳ ያ ነው። ጉሙ ሸለቆው ውስጥ የተኛ ከሆነ ከፍ ይበሉ።

በማለዳ ጉዞ ላይ የማያቸው አደጋዎች

ከጀጎል ግንብ ውጭ በጨለማ የሚሄድ ሰው ወደ ዋሻው የሚመለስ ጅብ ሊገጥመው ይችላል። የሐረር ጅብ ሰው የለመደ ቢሆንም አይሩጡ፣ የሥጋ ሽታ ያለበት ምግብ አይያዙ፣ በእጅ ባትሪ መንገዱን እያዩ በቡድን ይሂዱ።

ድሬዳዋ ላይ በክረምት፣ ከተማዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ቆሞ ፀሐይ መጠበቅን ፈጽሞ አይሞክሩ። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ሸለቆውን ሞልቶ ሊመጣ ይችላል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። አሸዋው ደረቅ መሆኑ ምንም ዋስትና አይደለም። ከዳርቻው ራቅ ብለው ይቁሙ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወጣው የደንገጎ ጥምዝምዝ የተራራ መንገድ ላይ መኪና አቁሞ መመልከትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ጫት የጫኑ መኪኖች በዚያ ሰዓት በምን ዓይነት ፍጥነት እንደሚነዱ የምሥራቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ካልወጡ አይቁሙ።

ፀሐይዋ ቀይነቷ ካለፈ በባዶ ዓይን፣ በሩቅ ማያ መነጽርና በካሜራ የመስታወት መመልከቻ በኩል ደግሞ ቀይ ብትሆንም ፈጽሞ አይመልከቷት፤ ዓይን የሚጎዳው ሕመም ሳይሰማ ነው። በፎቶ ላይ ፀሐይዋ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ከሆነች በስልኩ ስክሪን ላይ ብሩሁን ሰማይ ነክተው ብርሃኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ምስሉ ከደበዘዘ ደግሞ የሌንሱን የጣት ቅባት ይጥረጉ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው የመጨረሻው ችግር የሰገነቱ በር ተቆልፎ፣ ቁልፉ ያለው ጥበቃም ተኝቶ መገኘቱ ነው፤ ቁልፉን ከማታው ተቀብለው ይደሩ።