ግልፍተኛ ተማሪ ራሱን እንዲገዛ ስታስተምሩ እነዚህን ተዉ

መጀመሪያ የወረቀቷን ነገር እንጨርስ። ልጁ በየክፍለ ጊዜው ራሱን ታዝቦ ምልክት የሚያደርግባት ወረቀት የክስ ማስረጃ አይደለችም! ዛሬ «አንድ ልጅ ገፈተርኩ» ብሎ በእውነት ጻፈ እንበል። ስም ጠሪው አይቶ ለዩኒት ሊደሩ አቀበለ፤ «ወላጅህን አምጣ» ተባለ። ነገ ወረቀቷ ንጹሕ ሆና ትመጣለች። ተሻሻለ ብላችሁ ደስ እንዳይላችሁ፤ መዋሸት ነው ያስተማራችሁት። ግፍተራው በትምህርት ቤቱ ደንብ ይታይ፣ ማስረጃው ግን ከሌላ ይምጣ። መምህሩ ለብቻው ይመዝግብ፤ በመጨረሻው ደወል ሁለቱ ወረቀቶች ይነጻጸሩ። ለተስማሙበት ክፍለ ጊዜ ሁሉ 1 ነጥብ ስጡት፣ የጻፈው ጥፋት ቢሆንም። ከ10 ምልክት 8ቱ መስማማቱ ለ2 ሳምንት ሲጸና ማነጻጸሩን በሳምንት 2 ቀን አድርጉት፣ ቀኑን ሳትነግሩት። ለጠባዩ የሚሰጠው ነጥብ ከዚያ በኋላ ይከተላል።

ወረቀቷ ላይ የሚሰፍረው ግብ የሚቆጠር ይሁን። «ጨዋ ሁን» አይቆጠርም። «ስሰደብ 2 እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ» ይቆጠራል። አንድ ብቻ ምረጡ፤ ከመጀመራችሁ በፊትም አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ፀቡን ቁጠሩ፤ አለዚያ ለውጡን በምን ታውቃላችሁ?

ፀብ መሐል ገብቶ «ተንፍስ» ማለት ከንቱ ነው፤ ጊቤ ሞልቶ ዋና አይማሩም። 4 እየቆጠረ ወደ ውስጥ፣ 6 እየቆጠረ ወደ ውጭ መተንፈስን ሰላም ባለበት ሰዓት ይለማመድ። ከቁጣው ቀድሞ ሰውነቱ ላይ የሚመጣበትን ምልክትም ራሱ ይንገራችሁ፤ አንዱ ጥርሱን ይነክሳል፣ ሌላው ጆሮው ይግላል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ሬይመንድ ኖቫኮ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ካቀረበው የቁጣ ሥልጠና ወዲህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ ቁጣውን ማወቅ፣ ዘዴውን መለማመድ፣ ከዚያ በቀላል ትንኮሳ ጀምሮ መፈተን። ሳያስፈቅዱ እስክሪብቶ መውሰድ፣ ቀጥሎ በሰልፍ መገፋት፣ የእናት ስድብ መጨረሻ። ከእናት ስድብ የጀመረ አስተማሪ ልምምዱን እውነተኛ ፀብ ያደርገዋል።

በአፋን ኦሮሞ የሚያስብን ልጅ፣ ሲናደድ ለራሱ የሚላትን ማረጋጊያ ቃል በአማርኛ አታስጠኑት። ሲናደድ ቶሎ የሚመጣለት የአፍ መፍቻው ነው።

ክፍል ውስጥ የተዋጠ ስድብ ከበር ውጭ፣ ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ወይም ባጃጅ ተራ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወረቀቷ ላይ ለመንገዱ አንድ መስመር ጨምሩለት፤ ይቺን ማንም አያነጻጽርበት።

ስለት ይዞ የሚዞር ወይም ራሴን አጠፋለሁ የሚል ልጅ ግን በወረቀት አይያዝም። ጅማ ከሆናችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ከወላጁ ጋር ሆናችሁ በዚያው ቀን ውሰዱት።