የቆዩ ስፒከሮች የእንጨት ቅብ፦ ምንነቱን መለየትና መንከባከብ

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠሩ ጥሩ ስፒከሮች ለሳሎን ጌጥ እንዲሆኑም ታስበው የተሠሩ ስለነበሩ፣ የሳጥናቸው እንጨት ዛሬም ከድምፃቸው ባልተናነሰ ይወደዳል። ይህን እንጨት ከእርጅናው ይበልጥ የሚጎዳው ግን፣ ላዩ ላይ ያለው ቅብ ምን እንደሆነ ሳይጣራ በጥሩ ሐሳብ የሚቀባው ዘይት፣ ሰም ወይም ቫርኒሽ ነው። ስለዚህ አንዳች ነገር ከመቀባትዎ በፊት፣ የሚታየው ነገር በእርግጥ እንጨት መሆኑንና እንጨት ከሆነም በምን እንደተቀባ ማረጋገጥ ይኖርብዎታል።

የእነዚህ ስፒከሮች ሳጥን ወጥ እንጨት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ውስጡ ቺፕውድ ወይም የተነባበረ ጣውላ ሆኖ፣ ላዩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ቬኒየር፣ ማለትም ስስ የእንጨት ልባስ፣ ይለበሳል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ ወጥ እንጨት በእርጥበት እየሰፋና እየጠበበ መጋጠሚያውን ስለሚያላቅቅ፣ ለድምፅ ሳጥን የማይነቃነቀው ጣውላ ይሻላል። በቢቢሲ የተነደፈው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለው ስፒከር እንኳ የበርች ጣውላ በቬኒየር ተለብሶ የተሠራ ነው። ረከስ ባሉት ላይ ግን የእንጨት ሥዕል የታተመበት ቪኒል ተለጥፎ ይገኛል።

ሁለቱን ለመለየት ሳጥኑን ወደ ብርሃን አዙረው በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ። ዋልነት በተባለው ቡናማ እንጨት ላይ፣ እውነተኛ ከሆነ፣ የእንጨቱ ቀዳዳዎች ጥቃቅን የተሰበሩ ሰረዞች መስለው ይታያሉ፤ ሰረዞቹም ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ስለሆኑ ብርሃን ከጎን ሲያርፍባቸው ጥላ ይይዛሉ። በቪኒል ላይ የሚታዩት የሕትመት ነጠብጣቦች ናቸው፤ ያው የእንጨት መስመር ሥዕልም ትንሽ ራቅ ብሎ ይደገማል። አንዳንዱ ቪኒል ቀዳዳ እንዲመስል የተጎደጎደ ስለሆነ በመዳሰስ ብቻ መፍረድ አይበቃም። ማዕዘኖቹም ብዙ ይናገራሉ፤ ቪኒሉ ሳይቋረጥ ማዕዘኑን ይዞራል፣ ቬኒየር ግን ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር ያልቃል። ከሁሉ የሚታመነው ማስረጃ የሚገኘው የሽቦ ማያያዣውን ሳህን ፈትቶ፣ በቀዳዳው የተቆረጠ ጠርዝ ላይ የላይኛው ንብርብር እንጨት ወይስ ፕላስቲክ መሆኑን በማየት ነው። ቪኒል ሆኖ ከተገኘ ሥራው ቀላል ነው፤ ለዘብ ባለ ሳሙና በረጠበና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል፤ ዘይት ስለማይመጥ መቀባት ትርፉ ማጣበቅ ነው።

እንጨቱ እውነተኛ ከሆነ ቀጥሎ የሚጣራው ቅቡ ነው። ዘይት፣ ላከር (በቲነር የሚሟሟ ቅብ)፣ ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ ቅብ) ወይም ቫርኒሽ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ የተለጠፈው መለያ አንዳንዴ ይረዳል፤ ለምሳሌ ክሊፕሽ በተባለው አምራች የቆዩ ስፒከሮች መለያ መጨረሻ ላይ ‘ኦ’ የሚለው የላቲን ፊደል ዘይትን፣ ‘ኤል’ ደግሞ ላከርን ያመለክታል። ጄቢኤል ኤል100 የተባለው ስፒከርም የሚታወቀው በዘይት በተቀባ ዋልነት ነው። ይሁንና ከፋብሪካ ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ሳጥን በመካከል ማን ምን እንደቀባው ስለማይታወቅ፣ መለያውን እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማረጋገጫ መውሰድ ተገቢ አይደለም።

ሙከራው ከታች በኩል ወይም የፊት ጨርቁ ፍሬም በሚሸፍነው ቦታ ይደረጋል። አስቀድመው ቦታውን በጥቂት አኳራጅ ጠርገው የቆየውን ሰም ያንሱና እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ አንድ ጠብታ የተልባ ዘይት ያድርጉበት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተመጥቶ ቦታውን ካጠቆረ ቅቡ ዘይት ነው፤ እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከቀረ ግን ላዩ ላይ የደረቀ ሽፋን አለ ማለት ነው። ሽፋን ካለ ዘይቱን ጠርገው፣ የጥጥ ጫፍ በአልኮል ነክረው አንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉበት፤ ካጣበቀ ሼላክ ነው። ካላጣበቀ በቲነር ይድገሙት፤ የሚለሰልስ ከሆነ ላከር፣ የሚሸበሸብ ወይም ጭራሽ የማይነካ ከሆነ ቫርኒሽ ወይም ፖሊዩሪቴን የተባለው የፕላስቲክ ቅብ ነው። ቲነር ሼላክንም ስለሚያለሰልስ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ውጤቱን ያሳስታል። ሮዝውድ በተባለው ጠቆር ያለ እንጨት ላይ ደግሞ የእንጨቱ የራሱ ቀለም በአልኮል ስለሚወጣ፣ ጥጡ ወይን ጠጅ ወይም ቡናማ መሆኑን ሳይሆን ቦታው መጣበቅ አለመጣበቁን ይመልከቱ።

ሰፊ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት የስፒከሩን ሾጣጣ ወረቀት የያዙትን ክፍሎች፣ የሽቦዎቹን አቅጣጫ ምልክት አድርገው፣ ፈትተው ሌላ ክፍል ያስቀምጡ። ወረቀቱና በዙሪያው ያለው ስፖንጅ ጠብታን አይችሉም። የብረት ሱፍ ግን ክፍሎቹ ባሉበት ፈጽሞ መነካት የለበትም፤ የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ማግኔቱ ስቦ የድምፅ ጥቅሉ (ሾጣጣውን ወረቀት የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) በሚንቀሳቀስበት ጠባብ ክፍተት ውስጥ ስለሚያስገባው፣ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው።

በዘይት የተቀባ ሳጥን ሲደርቅ ይገረጣል። አቧራውንና ቅባቱን በአኳራጅ ካነሱ በኋላ፣ ለእንጨት ቅብ የሚሸጥ የተልባ ዘይት ወይም የተንግ ዘይት (ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ) በጣም ስስ አድርገው እንደ እንጨቱ መስመር አቅጣጫ ይቀቡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ያልተመጠውን አንድም ሳይቀር ይጥረጉ፤ ለሁለተኛ ዙር ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቁ። የወይራና ሌሎች የማይደርቁ የምግብ ዘይቶች አቧራ እየሰበሰቡ ስለሚሻግቱ አይሆኑም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከማች በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል፣ ከቤት ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ በያዘ የብረት ጣሳ ውስጥ ከድነው ያኑሩት።

ላከርና ሼላክ ዘይት አያስፈልጋቸውም፤ ለስላሳ ጨርቅና አልፎ አልፎ ስስ የሰም ቅብ ይበቃቸዋል። ሲሊኮን ያለበት የሚረጭ ማብረቂያን ግን ያርቁ፤ ወደ እንጨቱ ከዘለቀ በኋላ የሚቀባ ማንኛውም አዲስ ቅብ እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይፈጥራል። ብርጭቆ የተወው ክብ ነጭ ከሆነ እርጥበቱ ቅቡ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ በአልኮል በትንሹ የረጠበ ጨርቅ በፍጥነትና በስሱ በማሳለፍ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ጥቁር ከሆነ ግን እንጨቱ ራሱ ስለተነካ፣ ቅቡን አንስቶ ኦክሳሊክ አሲድ በተባለው የእንጨት ማንጫ መታከም ይኖርበታል፤ ይህን ለባለሙያ መተው የተሻለ ይመስለኛል።

የብርጭቆ ወረቀት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የግድ ካስፈለገ ከ220 ቁጥር ያልሻከረ ይምረጡ፣ በእጅ ብቻ ይሥሩ፣ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይቅለሉ፤ ማሽን በቬኒየር ውስጥ አልፎ ቺፕውዱን ለማውጣት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። የተነሣ የቬኒየር ጠርዝ ካለ ከሥሩ ጥቂት የእንጨት ኮላ አስገብተው፣ በሰም ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ እንጨት አድርገው እስኪደርቅ ይጫኑት። ውኃ በቺፕውድ ውስጥ ከገባ ያበጠው ስለማይመለስ እንዲህ ያለውን ክፍተት አያቆዩት።

ዋልነት በብርሃን ብዛት ስለሚገረጣ፣ በመስኮት አጠገብ የሚቆም ጥንድ ካለዎት ሁለቱን በየጊዜው ቦታ ያቀያይሩ፤ አንደኛውን ሲቀቡም ሌላኛውን በዚያው ቀን በዚያው ዘይት ይቀቡት።