ሽቫርትስቫልድ ስትመጡ እነዚህን ነገሮች ተዉ

ደቡብ ምዕራብ ጀርመን ያለችው ፍራይቡርግ ከተማ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዘመድ ሲመጣ፣ የዘመድ ጓደኛ ሲመጣ፣ ሽቫርትስቫልድን፣ ማለትም «ጥቁሩን ደን»፣ የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ሁሉም ያንኑ ስህተት ይዞ ይመጣል። ጽፌው ልገላገል።

ደኑን ድንግል ነው ማለት። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። እንግዳው በመኪናው መስኮት ያይና «አቤት፣ እግዜር እንደፈጠረው!» ይላል። ኧረ ሰው ነው የተከለው! የጥንቱ ደን በአብዛኛው ቅጠሉ የሚረግፈው ቡኸ የሚሉት ዛፍና ታነ የሚሉት ጥድ የተቀላቀሉበት ነበር። መስታወት ሠሪው ለእቶኑ፣ ብር ቆፋሪው ለጉድጓዱ፣ ከሰል አክሳዩ ለከሰሉ ቆረጠው። ግዙፎቹ ግንዶች ስማቸው ራሱ «ሆላንዶች» ነበር። ተጠፍረው በኪንዚግ ወንዝ፣ ከዚያ በራይን ላይ እየተንሳፈፉ ለመርከብ ሥራ ሆላንድ ድረስ ይወርዱ ነበራ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙው ተራራ ተመልጦ ነበር። ቶሎ የሚያድገውን ፊሽተ የሚሉትን ሌላ የጥድ ዓይነት በመደዳ የተከሉት ከዚያ በኋላ ነው። የፊሽተ ሥር ደግሞ ጥልቅ አይሄድም። በዲሴምበር 26 ቀን 1999 «ሎታር» የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ሰሜኑን ክፍል እንደ ሣር አስተኛው። አንድ ቦታ ላይ የወደቀውን ሆን ብለው ሳያነሱ ትተው፣ በመሐሉ የእግር መንገድ ሠርተዋል። አጎቴን እዚያ ወሰድኩት። ግንዱን ሲሻገር ቆየና «ጀርመን ንጹሕ አገር ነው ስትለኝ አልነበር?» አለኝ። በዚያው በሰሜኑ በኩል ከ2014 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ድንግል ደን ካማራችሁ፣ ገና እንዲሆን እየጠበቁት ያለው እዚያ ነው።

ባርኔጣው። ባለ ቀይ የሱፍ ኳሱን ባርኔጣ የሽቫርትስቫልድ ሴት ሁሉ ትለብሰዋለች ብላችሁ አታስቡ። የሦስት መንደሮች ነው፦ የጉታኽ፣ የኪርንባኽና የራይኸንባኽ። 14 ኳስ አለው። ቀዩ ላላገባች፣ ጥቁሩ ላገባች ነው። እኔም አንድ ሱቅ ውስጥ አራት ልጆች የወለደች አክስቴን ቀዩን አድርጌላት ፎቶ ሳነሳት፣ ሻጯ አሮጊት በሳቅ ሊሞቱ ነበር።

ኩኩ የሚለውን ሰዓት የስዊዝ ነው አትበሉ። በተለይ ፉርትቫንገን ውስጥ አትበሉ። የቤት ቅርጽ ያለው ሰዓት የመጣው በ1850 የከተማው የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤት ባወጣው ውድድር ነው። ንድፉን ያቀረበው አይዘንሎር የባቡር ጣቢያ ቤቶች የሚሠራ አርክቴክት ነበርና የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ጎጆ አስመሰለው።

የዳኑብ ምንጭ ዶናውኤሺንገን ነው ወይስ ፉርትቫንገን እያላችሁ ከሰው አትከራከሩ። ረጅሙ ገባር ብሬግ ከፉርትቫንገን በላይ ይነሣል፣ ዶናውኤሺንገን አጠገብ ከብሪጋኽ ወንዝ ጋር ይገናኝና ዳኑብ ይሆናል። ሁለቱ ከተሞች ሲጨቃጨቁበት ኖረዋል፤ እናንተ ተዉት።

አሳማ የማትበሉ ከሆነ ጠይቃችሁ እዘዙ። ሽፔክ የሚሉት የአሳማ ሥጋ ድንቹም ውስጥ ይገባል። ታዋቂው ኬክ ውስጥ ደግሞ ኪርሽ የሚባል የቼሪ አረቄ አለ፤ ለልጆች ዝም ብላችሁ አትቁረሱ።

ረጅም ሣር ውስጥ ከሄዳችሁ ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ።

ሆቴል ስትገቡ ኮኑስ የሚባለውን የእንግዳ ካርድ ጠይቁ። ካርዱን በሚሰጡት ከተሞች ካደራችሁ የአካባቢው ባቡርና አውቶቡስ ነጻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ለአምስት ሰው የሁለት ቀን ትኬት ከፍያለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጨረሻው፣ በብርዱ ወራት ጭጋግ አይታችሁ ቤት አትዋሉ። ብዙ ጊዜ ጭጋጉ የሚተኛው ታች ሸለቆው ላይ ነው። ባለፈው እንግዶቼ «ዛሬስ ምን ይታያል!» ብለው ሳሎን ተቀመጡ። ብቻዬን 1,493 ሜትር ከፍታ ያለው ፌልድበርግ ወጣሁ። ፀሐይ! የአልፕስ ተራሮች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረው ይታያሉ። ፎቶ ላክሁላቸው። ያክስቴ ልጅ ወዲያው ደወለ፦ «አንተ፣ የት አገር ሄድክ?»