ዳይሱን ሳትቀሽብ ጨዋታ እንዴት ትመራለህ?

ጌም ማስተር፣ ማለትም ሰዎች ገጸ ባህሪ ሆነው በዳይስ የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ መሪ ከሆንክ ይሄ ፈተና አይቀርልህም። ዳይሱን ከመጋረጃህ (ጠረጴዛ ላይ ከምታቆማት ከለላ) ጀርባ ወረወርክ፤ የወጣው ቁጥር የጓደኛህን ገጸ ባህሪ ገና ጨዋታው ሳይሞቅ የሚገድል ነው፤ ያየኸው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። «ሳተህ» ብትለው ማን ያውቃል?

እኔ «ዋሽተህ አድነው» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። «ዳይሱ ያለው ይሁን» ብሎ ድርቅ ማለትም አይመቸኝም። መላው ያለው ከመወርወርህ በፊት ነው። ምሳሌዎቹን የምወስደው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከሚባለው የዚህ ዓይነት ጨዋታ አምስተኛ እትም፣ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ሕጎች ነው። ጎብሊን የሚባለውን ፍጡር ቁጥሮቹን ሳንነካ ሽፍታ አድርገነዋል።

1. ቡናው ሳይፈላ ተነጋገሩ

ደሴ ላይ ሰው ተሰብስቦ ቡና ሳይፈላ አይቀርም፣ እሱ እስኪደርስ ጠይቃቸው። ገጸ ባህሪያችሁ በአንድ ክፉ ውርወራ ቢሞት ይከፋችኋል? «ግድ የለም፣ አንተ እንዳመችህ አድርገው፣ ብቻ ታሪኩ ይመር» ካሉህ በቃ፣ ቁጥር ብትለውጥ የሸወድከው ሰው የለም። የጨዋታው መመሪያም ከመጋረጃ ጀርባ መወርወር ውጤት ለማስተካከል ዕድል እንደሚሰጥ ይናገራል። ነገሩ የሚበላሸው እነሱ እውነተኛ ዕድል እየተጫወቱ ሲመስላቸው አንተ ብቻህን ስትወስን ነው።

2. ሊመጣ የማትፈልገው ነገር ካለ አትወርውር

ተጫዋቾቹ ከባቲ የሰኞ ገበያ ጨው የጫኑ ግመሎች ይዘው ወደ ደሴ እየወጡ ነው እንበል። ሌሊት አንድ ግመል ጠፋ። ዱካውን ካላገኙ ታሪኩ የሚቆም ከሆነ ዳይስ ምን ይሠራል? ዱካው አለ በላቸው። መወርወር ካማረህ ቁጥሩ የሚወስነው ሌላ ነገር ይሁን፦ ሽፍቶቹ ሳያዩዋቸው ይደርሳሉ ወይስ እየተጠበቁ?

3. ቁጥሩን ቀድመህ አስላ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ዋናው ግን እሱ ነው።

አንደኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ማለትም ገና ጀማሪ የሆነ አስማተኛ ሙሉ የሕይወት ነጥቡ (ጉዳት ሲደርስበት የሚቀነሰው) 6 ነው እንበል። ሽፍታው ሲያገኘው የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ሲደመር 2 ነው። መምታት አለመምታቱን በሚወስነው ባለ 20 ፊት ዳይስ ላይ 20 ከወጣ ግን (5 በመቶ ነው ዕድሉ) ሁለት ዳይስ ሲደመር 2 ይሆናል። ሕጉ ደግሞ ነጥብህ 0 ገብቶ የተረፈው ጉዳት ከሙሉ ነጥብህ እኩል ወይም በላይ ከሆነ እዚያው ትሞታለህ ይላል። ስለዚህ ጤነኛውን አስማተኛ በአንድ ምት ለመግደል 12 ጉዳት ያስፈልጋል፤ 20 ከወጣ በኋላ ይሄ ከ6 አንዴ ያጋጥማል። ቀድሞ ተመትቶ 3 ነጥብ ብቻ ከቀረው ግን 9 ይበቃዋል፣ እሱ ደግሞ ከ36 በ21ዱ ይወጣል። ከግማሽ በላይ! አየህ፣ «ዕድሉ ነው» የምትለው ነገር ቤትህ ቁጭ ብለህ ያዘጋጀኸው ነው።

ካልወደድከው አሁኑኑ አስተካክለው። ሽፍታ ቀንስ፣ ወይ ጨዋታውን ከሦስተኛ ደረጃ ጀምር፣ ወይም «አንደኛ ደረጃ ላይ እያላችሁ የጠላት 20 እጥፍ አይመታም» ብለህ ለሁሉም ተናገር።

4. በግልጽ ወርውር

ጠረጴዛው መሃል፣ ሁሉም እያየ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆነህ «20 ወጣ» ስትል «ወላሂ በል!» የሚሉህ ከሆነ ችግር አለ ማለት ነው። ተጫዋቹ ማወቅ የሌለበትን፣ ለምሳሌ የተደበቀ ሽፍታ አየ አላየ የሚለውን፣ ደብቀህ ወርውር። መደበቅና መለወጥ ለየቅል ናቸው።

5. ከወጣ በኋላ ቁጥሩን ተወው፣ ሰዎቹን አንቀሳቅስ

ቁጥሩ ያንተ አይደለም። የሽፍታው ፍላጎት ግን ያንተ ነው። ሽፍታ ግመልና ጨው ነው የሚፈልገው፣ ሬሳ ምን ይሠራለታል? ሕጉም በቅርብ መሣሪያ መትቶ 0 ያስገባ ሰው ከመግደል ይልቅ ራሱን እንዲስት ማድረግ እንደሚችል ይፈቅዳል። ስለዚህ አስማተኛው ታስሮ ተወሰደ፤ ጓደኞቹ ወይ ጨዉን ይሰጣሉ ወይ ሌሊት ሾልከው ያስፈቱታል። ውሸት የለበትም፣ ኪሳራው ደግሞ የምር ነው። (ይሄኔ የጨዉ ባለቤት ፊት መታየት አለበት።)

ግጭቱን ያለቅጥ አክብደኸው ከሆነም አፍ አውጥተህ ተናገር፦ «ይሄኛው በዝቷል፣ ሁለቱ ሽፍቶች ይሽሹ?» በሚቀጥለው ዙር ሁለቱ ሸሹ፣ አለቀ። አብሽር፣ ማንም አይቀየምህም።

አንድ ነገር ቀረች። ከጠረጴዛ የወደቀ ዳይስ ይቆጠራል ወይስ ድጋሚ ይወረወራል? እሱንም ከመጀመሪያው ቁረጡ፤ አለዚያ ሶፋ ስር የገባው ዳይስ ሁሉ 20 ሆኖ ነው የሚወጣው።